99 ተጽፎበት መሰለፍ ያልቻለ ካርድ፦ የ«ኤምኤልቢ ዘ ሾው 23» ጉዳይ

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2023 «ኤምኤልቢ ዘ ሾው 23» የተባለው የቤዝቦል ጌም ገበያ ላይ ዋለ። የሚሠራው የሶኒ ንብረት የሆነው ሳንዲያጎ ስቱዲዮ ነው። ጌሙ በየዓመቱ ይታደሳል። አብዛኛውን ጊዜ እዚህም እዚያም ተነካክቶ ነው የሚወጣው። ያን ዓመት ግን ከባድ ሕግ ይዞ መጣ። በውድድር የምታሰልፉት ምርጥ የተጫዋች ካርድ፣ ሲዝኑ (ጌሙ ዓመቱን የሚከፋፍልበት የጥቂት ሳምንታት ጊዜ) ሲያልቅ የመሰለፍ መብቱም ያልቃል። ካርዱ ከእጃችሁ አይወጣም። ከነስሙ፣ ከነፎቶው፣ ከነ99 ቁጥሩ (የችሎታ ነጥቡ ጣሪያ ነው) ተቀምጦ ይታያል። ዋናው የደረጃ ውድድር ላይ ግን አይገባም። ላም አለኝ በሰማይ ይሉት ዓይነት ነገር።

ሕጉ ሁለት ዓመት ቆየ። ማርች 18 ቀን 2025 «ዘ ሾው 25» ሲወጣ ተነሳ። በመሃል የሆነውን ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው የፈለግኩት በአንድ ምክንያት ነው። ብዙ ጌመር «የቱ ካርድ ይሻላል?» ሲባል ካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ይመልሳል። ይህ ሕግ ቁጥሩን እንዳለ ትቶ የካርዱን ጥቅም ቀየረው። ያኔ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግዱ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ማየት ጀመረ።

ለማያውቀው ሰው

ነገሩ ወዲህ ነው። ጌሙ ውስጥ «ዳይመንድ ዳይናስቲ» የሚባል ክፍል አለ። መጀመሪያ የመጣው በ2012ቱ እትም ነው። እዚያ የተጫዋቾችን ካርድ እየሰበሰባችሁ የራሳችሁን ቡድን ትሠራላችሁ። ዛሬ ሜዳ ላይ የሚሮጥ ልጅም፣ ከሞተ አርባ ዓመት ያለፈው አንጋፋም አንድ አሰላለፍ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ቡድን ጋር ትጋጠማላችሁ። እግር ኳስ ጌም ላይ «አልቲሜት ቲም» የተጫወተ ሰው ሐሳቡ ቶሎ ይገባዋል።

ካርዶቹ በደረጃ ይከፈላሉ። ከ65 በታች ተራ ነው። ከ65 እስከ 74 ነሐስ፣ ከ75 እስከ 79 ብር፣ ከ80 እስከ 84 ወርቅ። ከ85 እስከ 99 ያለው ዳይመንድ ነው። መገበያያው «ስተብስ» የሚባል የጌሙ ገንዘብ ነው። በመጫወት ይገኛል፣ በእውነተኛ ዶላርም ይገዛል። ተጫዋቾች እርስ በርስ ካርድ የሚሻሻጡበት ገበያም አለ። ሻጩ ከሸጠበት ላይ 10 በመቶ ይቆረጥበታል። ይቺ 10 በመቶ ትንሽ ትመስላለች። ኋላ እመለስባታለሁ።

እስከ 2022 ድረስ ዓመቱ የሚሄደው በአንድ መንገድ ነበር። ጌሙ ሲወጣ 90ን ያለፈ ካርድ ብርቅ ነው። ሰው 84 የሆነ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ፣ ማለትም ሯጭ በሚረግጣቸው ማዕዘኖች፣ መካከል የሚከላከል ተጫዋች) አሰልፎ ይጫወታል፣ አያፍርም። ከዚያ በየጊዜው የተሻለ ካርድ ይለቀቃል። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ሁሉም ሰው 99 በ99 ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሚያዝያ ላይ ያንገበገበ ካርድ ነሐሴ ላይ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ጌመሮች ይህን «ፓወር ክሪፕ» ይሉታል። ቅሬታውም የታወቀ ነበር። መጨረሻ ላይ ቡድኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። ምርጥ ካርድ ለመያዝ ደግሞ ግማሽ ዓመት መጠበቅ አለ።

የ2023ቱ መፍትሔ እንዲህ ነበር። 99 የሆኑ ካርዶች ከጅምሩ ይውጡ፤ ግን እያንዳንዱ ሲዝን የራሱ የካርድ ስብስብ ይኑረው። ሲዝኑ ሲዘጋ ያ ስብስብ ከደረጃ ውድድር ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። ሁለት ማስተንፈሻ ቀዳዳዎች ቀርተው ነበር። አንደኛው «ኮር» የሚባሉት ካርዶች ናቸው። እነሱ ዓመቱን ሙሉ ይሠራሉ። ላይቭ ሲሪስ የሚባለው፣ የዘንድሮ ተጫዋቾች መደበኛ ካርድ፣ እዚህ ውስጥ ነው። ሁለተኛው «ዋይልድ ካርድ» የሚባል ቦታ ነው። ካለፈው ስብስብ ጥቂት ካርዶችን ብቻ ይዞ ለመሻገር የሚፈቅድ።

99 ስንት ዓይነት ነው?

ሕጉ ወደ ፈጠረው ትርምስ ከመግባቴ በፊት ቁጥሩን ራሱን እንየው። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ስለሆነ።

የካርዱ ቁጥር የብዙ ችሎታዎች ቅልቅል ነው። ለመቺ ኮንታክት (ኳሷን በዱላ የማግኘት ችሎታ) አለ፣ ፓወር (አርቆ የመምታት ጉልበት) አለ። ሁለቱም ለቀኝ እጅ ወርዋሪና ለግራ እጅ ወርዋሪ ተለይተው ይጻፋሉ። ቪዥን አለ፣ ክላች አለ፣ ፍጥነት አለ። ኳስ አያያዝና የክንድ ጉልበትም አለ። እያንዳንዱ ችሎታ እስከ 125 ይደርሳል። የካርዱ ጠቅላላ ቁጥር ግን ከ99 አያልፍም። ይህን ልብ በሉ። ጣሪያው 99 ላይ ስለተመታ፣ በጣም የሚለያዩ ሁለት ካርዶች ያው 99 ተጽፎባቸው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

በዚያ ላይ ቅልቅሉ እንደ ቦታው ይለያያል። ሾርትስቶፕ፣ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳሱን የሚቀበለው) እና ሴንተር ፊልድ (የሜዳው የኋላ መሃል) የሚጫወት ሰው በመከላከል ችሎታው ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ 95 የሆነ ሾርትስቶፕ ገዝታችሁ ዱላ ሲይዝ የተራ ሰው ያህል ሊሆን ይችላል። ፈርስት ቤዝ ላይ ያለው 95 ግን ቁጥሩን ያገኘው በአብዛኛው በዱላው ነው። ሁለቱን በቁጥር ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው።

ከእውነተኛው ቤዝቦል ሁለት ሰዎች ላንሳ። ቶኒ ግዊን የሳንዲያጎ ፓድሬስ ልጅ ነው። የሕይወት ዘመን የመምታት አማካዩ 0.338 ነበር፣ የሊጉ ምርጥ መቺ ስምንት ጊዜ ሆኗል። በ1995 ዓመቱን ሙሉ ስትራይክአውት የሆነው (ኳሷን ሳይመታ በሦስት ስትራይክ የወጣው) 15 ጊዜ ብቻ ነው። በሙያው ሁሉ የመታው ሆም ራን (ከአጥር ውጪ የሚያርፍ ምት) ግን 135 ነው። በሌላ ወገን አዳም ደን አለ። ከ2005 እስከ 2008 ባሉት አራት ዓመታት በእያንዳንዱ ዓመት ልክ 40 ሆም ራን መቷል። አንድም አልጨመረ፣ አንድም አልቀነሰ። ስትራይክአውቱ ደግሞ ለጉድ ነው። ሁለቱም ለቡድናቸው ዋጋ ነበራቸው። የቱ ይሻላል የሚለው የሚወሰነው ከፊታቸው ማን ቆሞ እንደሚወረውር ነው።

በጌሙም እንደዚያው ነው። ስትመቱ ስክሪኑ ላይ ፒሲአይ የሚባል ማነጣጠሪያ ታንቀሳቅሳላችሁ። የመቺያችሁ ኮንታክትና ቪዥን ያሰፋዋል። የተጋጣሚ ወርዋሪ ጥራት ያጠብበዋል። ውድድሩ ውስጥ ነጥባችሁ ከፍ ባለ ቁጥር ጌሙ ራሱ ይከብዳል። ኦል ስታር ከሚባለው ደረጃ ወደ ሆል ኦፍ ፌም፣ ከዚያ ወደ ሌጀንድ። ኳሱ ይፈጥናል፣ ማነጣጠሪያው ይጠባል። ስለዚህ ታች ላይ ፓወር ያለው ካርድ ንጉሥ ነው፤ ኳሷን ማግኘት ስለማይከብድ ካገኟት አርቆ መላክ ነው። ላይ ሲደርሱ ያ ካርድ አየር መቁረጥ ይጀምራል። ያኔ ኮንታክቱ ከፍ ያለው ካርድ ዋጋው ይታያል። የትኛው ደረጃ ላይ እንዳላችሁ ሳትናገሩ ምርጥ ካርድ ጠቁሙኝ ማለት ቁጥሩን ሳይናገሩ ጫማ አምጣልኝ እንደማለት ነው።

ክላች የምትባለዋን ነገር ብዙ ሰው ይዘላታል። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ሲኖር የኮንታክትን ቦታ የምትወስደው እሷ ናት። ማለትም ነጥብ የሚያስቆጥረው ምት ላይ የሚሠራው ቁጥር ሌላ ነው። ኮንታክቱ 110 ሆኖ ክላቹ 70 የሆነ ካርድ በጨዋታው ወሳኝ ሰዓት ሌላ ሰው ይሆናል።

ስለ ግራና ቀኝም አንድ ነገር። ለቀኝ ወርዋሪ 120 የሆነ ፓወር ለግራ ወርዋሪ 75 ሊሆን ይችላል። ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ያሉ ተጫዋቾች ደግሞ ግራ እጅ ወርዋሪ ይወዳሉ። ራንዲ ጆንሰንን አስቡት። 2 ሜትር ከ8 ሳንቲም ቁመት፣ አምስት የሳይ ያንግ ሽልማት (ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጥ)። ኳሱ ከየት እንደሚመጣ ሳታዩት ያልፋል። እሱን የያዘ ሰው ሲገጥማችሁ፣ ለቀኝ ወርዋሪ ብቻ የተሠራ አሰላለፍ ጉድ ይሠራችኋል። በሁለቱም እጅ የሚመቱ እንደ ቺፐር ጆንስ ያሉ ካርዶች የሚወደዱትም ለዚህ ነው። ጆንስ ከማንም ፊት ቢቆም ከሚመቸው ጎን ይቆማል።

የመጨረሻው ነገር በቁጥር አይጻፍም። እያንዳንዱ ካርድ የራሱ የአመታት እንቅስቃሴ አለው። ኬን ግሪፊ ጁኒየር ሲመታ ያየ ሰው ያውቃል፤ ዱላው እንደ ሐር ነው የሚያልፈው። ጌመሮች ስለ እሱ ካርድ ሲያወሩ ቁጥር አይጠሩም። «ይመቸኛል» ነው የሚሉት። መጀመሪያ ስሰማው ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ጊዜ አጠባበቅ ሁሉ ነገር በሆነበት ጌም፣ ዓይናችሁ የለመደው እንቅስቃሴ ከአምስት ነጥብ ይበልጣል።

ሕጉ ሲገባ ምን ተቀየረ?

አሁን ወደ ጉዳዩ። በድሮው ሥርዓት ካርድ መግዛት ንብረት መግዛት ነበር። ዋጋው ቢወርድም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያሰልፉታል። በ2023 ግን የሲዝን ካርድ መግዛት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚያገለግል ነገር መግዛት ሆነ። ሒሳቡ ተለወጠ።

በምሳሌ እናስላው፤ ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው። አንድ ካርድ በ100,000 ስተብስ ተገዛ እንበል። ሲዝኑ ሊዘጋ ሲል ሁሉም ሰው ካርዱ ሊወጣ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ሁሉም ይሸጣል፣ ዋጋው ይወርዳል። በ60,000 ተሸጠ እንበል። 10 በመቶው ሲቆረጥ 54,000 እጃችሁ ይገባል። ካርዱን የተጠቀማችሁበት ወጪ 46,000 ሆነ ማለት ነው። ገና ሲዝኑ እንደተከፈተ የገዛ ሰው ይህን ወጪ በብዙ ጨዋታ ያካፍለዋል። ሲዝኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የገዛ ግን ያንኑ ያህል ሊከስር ይችላል፤ የሚጫወትበት ጊዜ የለውም። ካርዱ አንድ ነው፣ 99ኙም አንድ ነው። የተገዛበት ቀን ግን ጥሩና መጥፎ ምርጫ አደረገው።

ይህ ለሚሸጥ ካርድ ነው። በጌሙ ውስጥ ተልዕኮ እየፈጸሙ የሚያገኟቸው ብዙ ካርዶች አይሸጡም። ኮሌክሽን ውስጥ የተቆለፈ ካርድም አይሸጥም። ኮሌክሽን ማለት ለምሳሌ የ30ዎቹን የሊግ ቡድኖች ካርዶች አሟልቶ ሽልማት መቀበል ነው። የገባው ካርድ መሰለፉን አይተውም፤ ወደ ገበያ ግን አይመለስም። ስለዚህ ሥራ የሚበዛበት ሰው፣ ማታ ማታ አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ የሚጫወተው፣ ክፉኛ ተጎዳ። ካርዱን አግኝቶ ሳይጠግበው ሲዝኑ ይዘጋል። ከደረሱት ቅሬታዎች ጎልቶ የወጣው ይህ ነበር። እኔም ቅሬታው ትክክል ነው ባይ ነኝ። ሰው ለአንድ ካርድ የከፈለው ስተብስ ብቻ አይደለም፣ ማታውን ነው።

ግን ሕጉን ሙሉ በሙሉ መውቀስም አልፈልግም። ያን ዓመት በየጊዜው የተለያየ ቡድን ይገጥማችሁ ነበር። ከዚህ በፊት ማንም የማያሰልፋቸው ስሞች ሜዳ ላይ ታዩ። አዲስ የጀመረ ሰው ሁለተኛው ሲዝን ላይ ቢገባ ከሌላው ብዙም ወደ ኋላ አይቀርም ነበር። በድሮው ሥርዓት ሰኔ ላይ የገባ ሰው መቀጥቀጫ ነው የሚሆነው።

ዋይልድ ካርዱን ለማን?

ለእኔ የጉዳዩ ጣፋጭ ክፍል ይህ ነው። አንድ ሲዝን አልቆ ወደ ሚቀጥለው ሲኬድ ጥቂት ካርድ ብቻ ይሻገራል። ማንን? ዓይን አዋጅ ይሆናል።

የብዙ ሰው የመጀመሪያ ስሜት «ምርጡን ወርዋሪዬን» የሚል ነው። ወርዋሪ ጨዋታ ይዘጋል፣ ልክ ነው። እስኪ ግን እናስብ። ጨዋታ የሚጀምሩ ወርዋሪዎች አምስት ናቸው፤ ተራ በተራ ይገባሉ፣ ያረፉ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ያ ምርጥ ወርዋሪ በአምስት ጨዋታ አንዴ ነው የሚታየው። ሾርትስቶፑ ግን ሁልጊዜ አለ። በእያንዳንዱ ጨዋታ አራት ጊዜ ያህል ዱላ ይይዛል፣ ኳስም ወደ እሱ ይመጣል። የቦታው ወሰን ጥቂት ከሆነ፣ ያንን ቦታ በየቀኑ ለሚሠራ ሰው መስጠት ይሻላል።

ሁለተኛው ማጣሪያ ደግሞ ምትክ ነው። በአዲሱ ስብስብ ውስጥ ጥሩ ሌፍት ፊልደር (የሜዳው የኋላ ግራ ተጫዋች) ሞልቷል። ዱላ የሚይዝ ካቸር ግን ብዙ ጊዜ ብርቅ ነው። 99 የሆነውን ሌፍት ፊልደር ትቶ 95 የሆነውን ካቸር ማሻገር የሞኝ ሥራ ይመስላል። የሚያወዳድሩት ግን እርስ በርሳቸው አይደለም። እያንዳንዱን ከሚተካው ሰው ጋር ነው። ሌፍት ፊልደሩን የሚተካው 97 ከሆነ ያጣችሁት 2 ነጥብ ነው። ካቸሩን የሚተካው 86 ከሆነ ያተረፋችሁት 9 ነጥብ ነው። የእውነተኛ ቡድን አስተዳዳሪዎች ተጫዋች ሲገዙ የሚያስቡትም በዚህ መንገድ ነው።

ሰውን ከቦታው ውጪ ማሰለፍ ይቻላል። ግን መከላከሉ ይቀነሳል። ሁለተኛ ቦታ የተጻፈባቸው ካርዶች ስለዚህ ይረዳሉ። አንድ ካርድ ሾርትስቶፕም ሴንተር ፊልድም ከቻለ አንድ ካርድ ብቻ አይደለም፤ በአዲሱ ሲዝን ክፍተቱ የት እንደሚሆን ባታውቁም ይሞላላችኋል።

በዚያው 2023 «ካፕቴን» የሚባል ነገርም ጀመረ። አንድ ካርድ ካፕቴን ይሆናል፤ እሱ የሚጠይቀውን የሚያሟሉ ተጫዋቾች ሲበዙ የሁሉም ችሎታ ከፍ ይላል። ለምሳሌ የአንድ ቡድን ልጆች መሆን። እንግዲህ 93 የሆነ ካርድ ከወንድሞቹ ጋር ሲሰለፍ ብቻውን ካለ 97 ሊበልጥ ነው። ስለ ነጠላ ካርድ የሚወጡ የደረጃ ሰንጠረዦች ይህን አያሳዩም። እነዚያን ሰንጠረዦች አያለሁ፣ አልክድም። ቡድን የምሠራው ግን በእነሱ አይደለም።

ወርዋሪ ሲመረጥ

ወርዋሪ ላይ ቁጥሩ ይበልጥ ያታልላል። የሚመታው ኮምፒውተር ሳይሆን ሰው ስለሆነ፣ ሰውን የሚያደናግረው የኳሶቹ ቅልቅል ነው። ሲንከር የሚባለው ኳስ በኦንላይን ውድድር ስሙ የተጠላ ነው። በፍጥነት መጥቶ መጨረሻ ላይ ወደ ውስጥና ወደ ታች ይሰበራል። ከእሱ ጋር ወደ ሌላኛው ጎን የሚሄድ ከተር ያለው ወርዋሪ ቁጥሩ 94 ቢሆንም ያስቸግራል። ሁለቱ ኳሶች ግማሽ መንገድ አንድ መስለው ይመጣሉ። በተቃራኒው 99 የሆነ፣ ግን ኳሶቹ ሁሉ ቀርፋፋ የሆኑ አንጋፋ ወርዋሪ ልምድ ያለው ተጋጣሚ ፊት ይቀልጣል።

«አውትላየር» የሚባል ምልክትም አለ። ይህ ያለው ወርዋሪ ፈጣን ኳሱ ሌሎቹ ካላቸው የፍጥነት ጣሪያ በላይ ይሄዳል። ዝርዝሩ ውስጥ በትንሹ የተጻፈ ስለሆነ ብዙ ሰው አያየውም። ካርድ ስገዛ ከ99 በፊት የማየው እሱን ነው።

የእጅ ነገርም አለ። በ2021ዱ እትም «ፒንፖይንት» የሚባል አወራወር መጣ። በመቆጣጠሪያው (ኮንትሮለሩ) ስቲክ ቅርጽ እየሳሉ ነው የሚወረወረው፤ እያንዳንዱ የኳስ ዓይነት የራሱ ቅርጽ አለው። አንዳንዱ ቅርጽ ለአንዳንድ ሰው እጅ አይመችም። ስለዚህ ሌላው ሰው የሚያወድሰውን ወርዋሪ ገዝታችሁ ኳሱ መሃል ለመሃል እየሄደ ሆም ራን ሊሆንባችሁ ይችላል። ከመግዛት በፊት በልምምድ ክፍሉ እነዚያን የኳስ ዓይነቶች መሞከር ነው።

ገንዘቡ የት ይሄዳል?

ፓክ (ውስጡ ምን እንዳለ ሳይታወቅ የሚገዛ የካርድ ጥቅል) መክፈት ደስ ይላል። መደበኛው ፓክ 1,500 ስተብስ ነበር፤ ዳይመንድ የማግኘት ዕድሉ ከ50 አንድ። አባዙት። በአማካይ ለአንድ ዳይመንድ 75,000 ስተብስ። ያም ዳይመንድ ዝቅተኛው 85 ሊሆን ይችላል። 85ን ጌሙ ራሱ ወዲያው ሲገዛችሁ 3,000 ነው የሚከፍለው። በዚያው 75,000 ከገበያው የምትፈልጉትን መርጣችሁ ትገዙ ነበር። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ልጆቻቸው ቤዝቦል ይዘው ያደጉባቸው ሐበሻ ወላጆች፣ የባንክ ካርዳችሁ ከጌሙ መደብር ጋር ተያይዞ ከሆነ ይህን አንቀጽ ለልጁ አንብቡለት።

ጌሙ የሚከፍለው ይህ የመነሻ ዋጋ ለመምረጥም ይረዳል። በእነዚያ ዓመታት 92ና ከዚያ በላይ ለሆነ ካርድ ጌሙ 10,000 ይከፍል ነበር። ገበያው ላይ በ11,000 የሚሸጥ 93 ካገኛችሁ፣ ቢከፋ ቢከፋ የምታጡት 1,000 ነው። ያ ካርድ በነጻ እንደመሞከር ይቆጠራል። ሲዝን ሊዘጋ ሲል ብዙ ካርዶች ወደዚህ ወለል ይወርዱ ነበር። ብልሆቹ ያኔ ነው የሚገዙት፤ ለውድድሩ ሳይሆን ለዋይልድ ካርድ ቦታና ለኮሌክሽን።

በነጻ የሚገኘውንም አትናቁ። በ2023 የኔግሮ ሊግ (ጥቁሮች ለብቻቸው የሚጫወቱበት የነበረ ሊግ) ተጫዋቾችን ታሪክ የሚያስጫውት ክፍል ተጨመረ፤ ካንሳስ ሲቲ ካለው የኔግሮ ሊግ ቤዝቦል ሙዚየም ጋር የተሠራ ነው። ሳቸል ፔጅ እዚያ አለ። በዘር መለየት ምክንያት ዋናው ሊግ የገባው በ1948፣ በ42 ዓመቱ ነበር። ታሪኩን ተጫውቶ ለመጨረስ ስተብስ አይጠይቅም። ቁጥር ብቻ የሚያሳድድ ሰው ይህን ክፍል ዘሎት ያልፋል፤ ይቅርበት።

ከ2025 በኋላ

«ዘ ሾው 25» ሕጉን አነሳ። ካርድ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፤ ደረጃዎቹ ደግሞ እንደ ድሮው ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ብዙ ሰው ተደሰተ። የአንዱ ችግር መጥፋት ግን አሮጌውን ችግር መልሶ አመጣው። አሁን ካርዱን የሚያስረጀው የሲዝን መዝጊያ ቀን ሳይሆን ከኋላው የሚመጣው የተሻለ ካርድ ነው።

የላይቭ ሲሪስ ካርዶች እዚህ ላይ የተለየ ጠባይ አላቸው። ቁጥራቸው ከእውነተኛው ሜዳ ጋር ይንቀሳቀሳል። የ2025ቱ ሽፋን ላይ ከወጡት ሦስት ተጫዋቾች አንዱን፣ የሲንሲናቲውን ኤሊ ዴ ላ ክሩዝን ውሰዱ። በ2024 ከሊጉ ሁሉ በላይ 67 ቤዝ ሰርቋል (ምት ሳይጠብቅ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሮጦ ደርሷል)። ያው ዓመት 218 ጊዜ ስትራይክአውት ሆኗል። እንዲህ ያለ ልጅ አንድ ወር ኳሷን ካገኛት ቁጥሩ ይወጣል፣ ካጣት ይወርዳል። 84 የሆነ ካርድ 85 ሲሆን ጌሙ የሚከፍለው ከ1,500 ወደ 3,000 ያድጋል። ስለዚህ እውነተኛውን ጨዋታ የሚከታተል ሰው ካርድ ሲመርጥ አንድ እርምጃ ይቀድማል።

የ10 በመቶዋ ነገር ደግሞ አሁን ነው የምትነክሰው። ሰው ፓወር ክሪፑን እየተከተለ 88ቱን ሸጦ 90 ይገዛል። 90ውን ሸጦ 92። 92ቱን ሸጦ 94። ካርዱ 20,000 ቢሆንና ዋጋው ባይወርድ እንኳን በእያንዳንዱ ሽያጭ 2,000 ይቀራል። ዋጋው ደግሞ ይወርዳል። በሦስት ቅያሬ የጠፋው ሲደመር የሌላ ቦታ ተጫዋች ይገዛ ነበር። እኔ በአዲሱ ሥርዓት የምመርጠው መዝለል ነው። እንቅስቃሴው የተመቸኝን መቺ ከተተኪው ጋር ያለው ልዩነት አራት አምስት ነጥብ እስኪሆን አልነካውም። ገንዘቡን መጀመሪያ የማውለው ምትኩ በማይገኝበት ቦታ ላይ ነው፤ ካቸር፣ ሾርትስቶፕ፣ ከዚያ አውትላየር ያለው አንድ ግራ እጅ ወርዋሪ። ሌፍት ፊልድና ፈርስት ቤዝ እስከ ሰኔ ይጠብቃሉ። በዚያን ጊዜ የሚወጣው ካርድ ይበዛል፣ ይረክሳልም።